የማይታየው ማኅተም፦ የስምጥ ሸለቆው የእንፋሎት ጉድጓዶችና ራሱን የሚጠግን ሲሚንቶ

የጉዳዩ ፍሬ ነገር

ኢትዮጵያ ከስምጥ ሸለቆው ሥር ያለውን ሙቀት ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ጥናት ከጀመረች ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኗል። በዚህ ሁሉ ዘመን ክርክሩ ስለ ሜጋ ዋት፣ ስለ ታሪፍና ስለ ብድር ነበር። የእያንዳንዱን ጉድጓድ ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች ዋነኛው ግን በብረት ቱቦውና በዐለቱ መካከል የሚሞላው፣ አንዴ ከተሞላ በኋላ ማንም ዐይኑን ሊጥልበት የማይችለው ሲሚንቶ ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሁለት ነው። አንደኛ፣ በሕዝብ ገንዘብና በሕዝብ ዕዳ የሚቆፈር የእንፋሎት ጉድጓድ ሁሉ የማኅተሙ ጥራት በግልጽ መለኪያ ሊመዘን ይገባል። ሁለተኛ፣ በአሜሪካ ቤተ ሙከራዎች የተሠራው ራሱን የሚጠግን ሲሚንቶ በስምጥ ሸለቆው ጉድጓዶች ውስጥ ሊፈተን ይገባል። ሁለቱም የሚቀጥሉት የቁፋሮ ውሎች ከመፈረማቸው በፊት መወሰን አለባቸው።

የሚቆጠረውና የማይቆጠረው

የጂኦተርማል ዜና ሲነገር ሁልጊዜ የሚቀድመው ቁጥር ነው። አገሪቱ 10,000 ሜጋ ዋት የሚደርስ እምቅ ሀብት አላት ይባላል፤ ለቱሉ ሞዬ 150 ሜጋ ዋት፣ ለአሉቶ ላንጋኖ ማስፋፊያ 70 ሜጋ ዋት መታቀዱ ይነገራል። ጎረቤት ኬንያ እ.ኤ.አ. በ1981 ኦልካሪያ ላይ የመጀመሪያውን ጣቢያ ከፍታ፣ ዛሬ ከኤሌክትሪክ ምርቷ 40 በመቶ ያህሉን ከዚያው ስምጥ ሸለቆ እንደምታገኝ በምሳሌነት ይጠቀሳል። ምሳሌው ተገቢ ነው፤ ቁጥሮቹም የሚያስጎመጁ ናቸው።

ነገር ግን ሜጋ ዋት በቀጥታ ከምድር አይወጣም፤ የሚወጣው በጉድጓድ ነው። አንድ ጥልቅ የእንፋሎት ጉድጓድ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ዶላር ይፈጃል፤ ለሃያና ለሠላሳ ዓመት እንዲያገለግልም ይጠበቃል። ይህ ገንዘብ በአብዛኛው ብድር ነው። የዓለም ባንክ እ.ኤ.አ. በ2014 ለአሉቶ ላንጋኖና በአፋር ለሚገኘው አላሎባድ የጂኦተርማል ልማት ያጸደቀው ብድርና ድጋፍ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነው። ጉድጓዱ በዐሥረኛው ዓመት ቢበላሽ ዕዳው አብሮ አይበላሽም። ልጆች የሚከፍሉትን ዕዳ ወላጆች ሲፈርሙ፣ ስለሚቆፈረው ጉድጓድ ብዛት ብቻ ሳይሆን ስለ ጥንካሬውም መጠየቅ ግዴታቸው ነው።

3 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ

የተለመደ የማምረቻ ቱቦ ስፋት 24 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚገባበት ጉድጓድ ደግሞ 31 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሰፋል። በቱቦውና በዐለቱ መካከል ዙሪያውን የሚቀረው ክፍተት እንግዲህ ከ3 ሳንቲ ሜትር እምብዛም አይበልጥም። ይህን ቀለበት የሚሞላው ሲሚንቶ ሦስት ሥራ አለበት፦ ቱቦውን ከዐለቱ ጋር አጥብቆ መያዝ፣ ቱቦውን ከሚበላው ፈሳሽ መከላከል፣ ከጥልቁ የሚመጣው ትኩስ ፈሳሽ በቱቦው ጀርባ ሾልኮ ወደ ላይኛው የከርሰ ምድር ውኃ እንዳይደርስ ማተም።

የነዳጅ ጉድጓድ ቱቦ ብዙ ጊዜ በከፊል ብቻ በሲሚንቶ ይታሰራል። የእንፋሎት ጉድጓድ ግን ከታች እስከ ምድር ገጽ ድረስ ያለ ክፍተት መታሰር አለበት፤ ምክንያቱም ብረት ሲሞቅ ይረዝማል። 1,000 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ ሙቀቱ በ200 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢጨምርና የሚይዘው ባይኖር፣ 2.4 ሜትር ያህል ይረዝም ነበር። ይህን ግፊት ችሎ ቱቦውን ባለበት የሚያቆየው ያ 3 ሳንቲ ሜትር ሲሚንቶ ነው።

ጠላቶቹም ብዙ ናቸው። የመጀመሪያው ራሱ ሙቀቱ ነው። ለቤትና ለድልድይ የሚውለው ፖርትላንድ ሲሚንቶ ከ110 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ በላይ ሲሞቅ ውስጣዊ ቅንብሩ ይለወጣል፤ ጥንካሬው ይወርዳል፣ ፈሳሽም ማሳለፍ ይጀምራል። ስለዚህም ከሲሚንቶው ክብደት ከ35 እስከ 40 በመቶ የሚሆን የሲሊካ ዱቄት ይጨመርበታል። ይህ የታወቀና ለዐሥርተ ዓመታት የተሠራበት መፍትሔ ነው። ሁለተኛው ጠላት በእንፋሎቱ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድ ሲሆን፣ ሲሚንቶውን ቀስ በቀስ ያሟሟዋል። ሦስተኛው የሙቀት መለዋወጥ ነው፦ ጉድጓዱ ለጥገና ሲዘጋ፣ ቀዝቃዛ ውኃ ሲገባበት፣ ተመልሶም ሲከፈት ብረቱ ይኮማተራል፣ ይለጠጣል፤ ሲሚንቶው ግን እንደ ብረት መለጠጥ ስለማይችል ይሰነጠቃል ወይም ከቱቦው ይላቀቃል።

አራተኛው የስምጥ ሸለቆው የራሱ ፈተና ነው። የእሳተ ገሞራው ዐለት በስንጥቅ የተሞላ በመሆኑ ወደ ታች የተገፋው የሲሚንቶ ልስን ወደ ላይ ሳይመለስ በየስንጥቁ ጠፍቶ ይቀራል። ያን ጊዜ ቀሪው ክፍተት ከላይ እየፈሰሰ ይሞላል፤ በሁለቱ ሙሌቶች መካከልም ውኃ ሊታሰር ይችላል። ውኃው በሁለት ቱቦዎች መካከል ከታሰረ፣ ጉድጓዱ ሲሞቅ መውጫ አጥቶ ያብጣል፤ የውስጡንም የብረት ቱቦ እንደ ባዶ ቆርቆሮ ሊጨፈልቀው ይችላል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ከምድር በታች፣ ከሰው ዐይን ርቆ ነው።

ማኅተም ሲከዳ

የማኅተም ጉዳት ተራ የቴክኒክ ጉዳይ የሚመስለው ካለ የደቡብ ጀርመኗን ሽታውፈን ከተማ ይመልከት። እ.ኤ.አ. በ2007 ለማዘጋጃ ቤቱ ማሞቂያ ተብለው 140 ሜትር ያህል ጥልቀት ያላቸው ሰባት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። በጉድጓዶቹ ዙሪያ ያለው ሙሌት በሚገባ ባለማተሙ፣ በግፊት ላይ የነበረው የከርሰ ምድር ውኃ አንሃይድራይት ወደሚባል ማዕድን ደረሰ። ማዕድኑ ውኃ ሲጠጣ ወደ ጂፕሰም ተለወጠና አበጠ፤ ከተማዋ ከሥር ተነሣች። ከ250 በላይ ሕንፃዎች ተሰነጠቁ። ይህ የደረሰው ሕግና ቁጥጥር በጠበቀባት ጀርመን፣ በእሳተ ገሞራ ሳይሆን በጥልቀት በሌላቸው የማሞቂያ ጉድጓዶች ነው።

የሙቀትን ኃይል የሚያሳየው ደግሞ የአይስላንዱ ክራፍላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 በዚያ የተቆፈረ የምርምር ጉድጓድ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ከቀለጠ ዐለት ጋር ተገናኘ። በጉድጓዱ አፍ ላይ 450 ዲግሪ የደረሰ እንፋሎት በመስጠትም ዓለምን አስደነቀ። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ2012 ቫልቮቹ ስለተበላሹ ቀዝቃዛ ውኃ ተጨምሮበት መዘጋት ግድ ሆነ፤ በድንገቱ ቅዝቃዜም የብረት ቱቦው ተጎዳ። በዚህ ሙያ ከዓለም ቀዳሚ የሆነች አገር ያን የመሰለ ጉድጓድ አጥታለች።

በአሉቶ ዙሪያ የሚያሰጋው ሌላም ነገር አለ። ተራራው የቆመው በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል ነው። ከጥልቁ የሚወጣው ጨዋማ ፈሳሽ ፍሎራይድና አርሴኒክ ይሸከማል። የስምጥ ሸለቆው ሕዝብ የፍሎራይድን ነገር ከመጽሐፍ አልተማረውም፤ በልጆቹ ጥርስ ላይ ሲያየው ኖሯል። ተፈጥሮ ያመጣችው ሸክም ሳያንስ፣ ማኅተሙ በላላ ጉድጓድ በኩል ሌላ መጨመር በምንም ስሌት ልማት ሊባል አይችልም። ጉዳቱ በቀላሉ ላይታወቅም ይችላል፦ ውኃው ቀድሞም ፍሎራይድ ያለበት በመሆኑ፣ ከቁፋሮው በፊት የተለካ መነሻ ከሌለ ጭማሪው ከየት እንደመጣ ማንም ሊያስረዳ አይችልም።

ራሱን የሚጠግን ሲሚንቶ፦ ምን እንደሆነ፣ ምን እንዳልሆነ

በዋሽንግተን ግዛት የሚገኘው የፓሲፊክ ኖርዝዌስት ብሔራዊ ቤተ ሙከራ ተመራማሪዎች ሲሚንቶን ከፖሊመር ጋር አዋሕደዋል። ሐሳቡ ሲነገር ቀላል ነው። ተራ ሲሚንቶ ሲሰነጠቅ የተቋረጠው ትስስር ተቋርጦ ይቀራል። በዚህ ውሕድ ውስጥ ያለው ፖሊመር ግን በጉድጓዱ ሙቀት ስለሚንቀሳቀስ ወደ ስንጥቁ ይሄዳል፤ የተቋረጠውንም ትስስር መልሶ ይቀጥላል። ሲሚንቶው ከብረት ቱቦው የተላቀቀ እንደሆነም እንደገና እንዲጣበቅ ያግዛል። ሌላውን ሲሚንቶ የሚያጠፋው ሙቀት እዚህ ላይ ለጥገናው ኃይል ይሆናል ማለት ነው።

በኒው ዮርክ ሎንግ አይላንድ ያለው የብሩክሄቨን ብሔራዊ ቤተ ሙከራ የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ተመራማሪዎቹ ከፖርትላንድ ይልቅ ካልሲየም አሉሚኔት ሲሚንቶን፣ የድንጋይ ከሰል አመድንና ሶዲየም ሲሊኬትን አዋሕደው የሙቀት ድንጋጤን የሚችል ሲሚንቶ ሠርተዋል። አመዱ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይዋሐድም፤ የቀረው ቅንጣት ስንጥቅ ሲፈጠርና ትኩስ ውኃ ሲያገኘው ቀስ ብሎ ይሠራል፣ አዲስ ማዕድን ፈጥሮም ስንጥቁን ይሞላል። ሁለቱም ሥራዎች በአሜሪካ የኢነርጂ ሚኒስቴር ማለትም በግብር ከፋዩ ገንዘብ የተደገፉ ናቸው።

ምን እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። በሆላንድ ለሕንፃ ኮንክሪት የተሠራው፣ ባክቴሪያ ኖራ እያመረተ ስንጥቅ የሚደፍንበት ዘዴ ከዚህ ጋር መምታታት የለበትም፤ የ300 ዲግሪን ሙቀት ተቋቁሞ የሚኖር ባክቴሪያ የለም። ራሱን የሚጠግን ሲሚንቶም ተአምር አይደለም። የሚደፍነው ቀጭን ስንጥቅን ነው እንጂ፣ ሲሞላ የተዘለለን ባዶ ቦታ ወይም በመካከል የታሰረን ውኃ አያድንም። ፖሊመርም የሙቀት ገደብ ስላለው ለአንዱ ጥልቀት የተስማማው ለሌላው ላይስማማ ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ በቤተ ሙከራ የወራት ውጤትና በምድር ውስጥ በ20 ዓመት አገልግሎት መካከል ሰፊ ርቀት አለ። ያን ርቀት የሚያጠበው በእውነተኛ ጉድጓድ የሚደረግ ፈተና ብቻ ነው።

የአሉቶ ትምህርት

አሉቶ ላይ እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 1985 ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀትም ተገኘ። 7.3 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ የተተከለው ግን በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ጉድጓዶቹ ከዐሥር ዓመት በላይ ሥራ ፈትተው ጠበቁ። ጣቢያውም ቢሆን ከተከፈተ ጥቂት ዓመታት በኋላ ቆመ፤ ከረጅም ጊዜ በኋላ የተነሣውም በከፊል ብቻ ነው። ለመቆሙ በዋነኝነት የሚጠቀሰው ከምድር በላይ ያሉ መሣሪያዎች ብልሽትና የጥገና ዐቅም ማነስ ነው።

ብዙዎች ከዚህ ታሪክ የሚወስዱት ትምህርት “የተሻለ ተርባይን ይገዛ” የሚል ነው። ጥልቁ ትምህርት ግን ሌላ ነው። በዐይን የሚታይ፣ በእጅ የሚነካ፣ መንገድ ዳር የቆመ መሣሪያ በጊዜው ያልተጠገነበት አገር፣ 1,000 ሜትር ከምድር በታች ያለ የሲሚንቶ ስንጥቅ በጊዜው ይጠገናል ብሎ ማቀድ ራስን ማታለል ነው። አይስላንድ ወይም ኒውዚላንድ ጉድጓድ ቢታመምባቸው ሪጉ፣ ባለሙያውና መለዋወጫው ቅርብ ነው። በኢትዮጵያ ግን የውጭ ምንዛሪ መፈቀድ፣ ዕቃው በጂቡቲ መግባት፣ ተቋራጩም መጠራት አለበት። ስለዚህ ያለ ሰው እጅ ራሱን የሚያክም ሲሚንቶ ለበለጸገው አገር ምቾት ቢሆን፣ ጥገና ለሚዘገይበት አገር ግን የህልውና ጉዳይ ነው። ቴክኖሎጂው ለሀብታሞች ነው የሚለው አስተሳሰብ ነገሩን ገልብጦ ያየ ነው።

የሚነሡ መቃወሚያዎች

“ይህ የተቋራጩ ሥራ ነው፤ ሲሚንቶውን እርሱ ያውቃል” የሚሉ አሉ። ተቋራጩ ያውቃል፤ ግን ቆፍሮ አስረክቦ ይሄዳል። ስንጥቁ የሚመጣው ዋስትናው ካበቃ በኋላ ነው። በጨረታው ሰነድ ላይ የሚጻፈው “ጉድጓድ ይቆፈር” የሚል ብቻ ከሆነ፣ አሸናፊው ርካሹን ሲሚንቶ ቢጠቀም ሊወቀስ አይችልም፤ የተጠየቀውን አድርጓልና።

“ዋጋው ውድ ነው” የሚለው ሁለተኛው ነው። እርግጥ ነው፣ በኪሎ ሲመዘን ከተራው ይወደዳል። ነገር ግን ከጉድጓዱ ጠቅላላ ወጪ የሲሚንቶው ድርሻ ትንሽ ነው፤ ከሪጉ ዕለታዊ ኪራይና ከብረቱ ዋጋ አጠገብ አይቆምም። ጉድጓዱም በሙሉ በአዲሱ ሲሚንቶ ይሞላ የሚል የለም፤ የሙቀት መለዋወጡ የሚበረታበትን ክፍል መርጦ መሙላት ይቻላል። መነጻጸር ያለበት የአንድ ከረጢት ሲሚንቶ ዋጋ ከሌላ ከረጢት ጋር ሳይሆን፣ ከጠፋ ጉድጓድ ጋር ነው።

ሦስተኛው “ገና በሚገባ ያልተፈተነ ነው” ይላል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ለመፈተን እንጂ ለመተው ምክንያት አይሆንም። ቴክኖሎጂው ኔቫዳ ወይም አይስላንድ ተፈትኖ ቢመጣ፣ የተፈተነው ለእነርሱ ዐለትና ለእነርሱ ፈሳሽ ነው። ቀድሞ የፈተነ የውሉን ቃል ይጽፋል፤ ዘግይቶ የመጣ የተጻፈውን ይፈርማል።

አራተኛውና ብርቱው መቃወሚያ “መጀመሪያ ተራው ሲሚንቶ በትክክል ይሞላ” የሚለው ነው። ይህን የሚቃወም አስተዋይ የለም። በትክክል ያልተሞላ ጉድጓድን ምንም ሲሚንቶ አያድነውም። ይሁን እንጂ ሁለቱ የሚደጋገፉ እንጂ የሚጣረሱ አይደሉም፤ አዲሱን ሲሚንቶ ለመፈተን የሚያስፈልገው መለኪያና ምርመራ፣ የተራውንም ሥራ ጉድለት የሚያጋልጠው ያው ራሱ ነው።

ምክረ ሐሳቦች

1. የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981/2008 መሠረት ጥሏል። ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የጉድጓድ ማኅተምን በተመለከተ አስገዳጅ መመሪያ ያውጣ። የኒውዚላንድ የጥልቅ ጂኦተርማል ጉድጓዶች ደረጃና የአፍሪካ ኅብረት የጂኦተርማል ቁፋሮ ደንብ በእጅ ያሉ መነሻዎች ናቸው፤ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም።

2. በእያንዳንዱ ጉድጓድ ላይ የሲሚንቶውን ቁርኝት በድምፅ ሞገድ የሚለካ ምርመራ ሁለት ጊዜ ይደረግ፦ ከመሞቁ በፊትና ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ። ውጤቱ በሕዝብ ገንዘብ ለተቆፈሩት ሁሉ ይፋ ይሁን።

3. ከቁፋሮ በፊት በአካባቢው ያሉ የመጠጥ ውኃ ጉድጓዶችና ምንጮች ይመርመሩ፤ የፍሎራይድና የአርሴኒክ መነሻ መጠን ይመዝገብ፤ ክትትሉም በየዓመቱ ይቀጥል። ውጤቱ ለነዋሪው በሚረዳው ቋንቋ ይነገረው።

4. ከሚቀጥሉት የማስፋፊያ ጉድጓዶች ቢያንስ አንዱ ራሱን የሚጠግን ሲሚንቶ መፈተኛ ይሁን። ተመሳሳይ ጥልቀት ያለው ሌላ ጉድጓድ በተለመደው በሲሊካ የተደገፈ ሲሚንቶ ተሞልቶ ለንጽጽር ይቀመጥ።

5. የአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች የምርምሩ ባለቤት ይሁኑ። የስምጥ ሸለቆው ፑሚስና የእሳተ ገሞራ አመድ ለሲሚንቶ ፋብሪካዎች ግብዓት ሆኖ ሲያገለግል ኖሯል፤ የብሩክሄቨኑን የድንጋይ ከሰል አመድ ሊተካ ይችል እንደሆነ በከፍተኛ ሙቀት መመርመር የአገር ውስጥ ቤተ ሙከራ ሥራ ነው።

በውጭ የሚኖሩ ወገኖች ድርሻ

ይህ ጉዳይ ከአዲስ አበባ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ገንዘቡና ዕውቀቱ ያለው ኢትዮጵያውያንና ትውልደ ኢትዮጵያውያን ግብር በሚከፍሉባቸው አገሮች ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የተቋቋመውና ለምሥራቅ አፍሪካ አገሮች የጂኦተርማል ቁፋሮ ወጪ እስከ 40 በመቶ የሚሸፍነው የሥጋት መጋሪያ ተቋም፣ ከአፍሪካ ኅብረት ኮሚሽን ጋር በጀርመን መንግሥትና በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የቆመ ነው። በጀርመን የሚኖር ወገን ለምክር ቤት ተወካዩ አንድ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል፦ “ሽታውፈንን ያየች አገር ለአፍሪካ ጉድጓድ ገንዘብ ስትሰጥ ስለ ማኅተሙ ምን ትጠይቃለች?” በአሜሪካ ያለው ደግሞ በግብሩ የተሠራው ምርምር ከመደርደሪያ ወርዶ በስምጥ ሸለቆው እንዲፈተን የትብብር ስምምነት ሊጠይቅ ይችላል።

በማቴሪያል ሳይንስ፣ በቁፋሮና በኬሚስትሪ ሙያ የተሰማሩ በውጭ የሚኖሩ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። የአይስላንዱ የጂኦተርማል ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ካስተማራቸው መካከልም ኢትዮጵያውያን ይገኙበታል። ከእነዚህ የሚጠበቀው የምስጋና ደብዳቤ ወይም የጉብኝት ፎቶግራፍ አይደለም። የጨረታ ሰነዶችን ማንበብ፣ የምርመራ ውጤቶችን መተርጎም፣ ጉድለትን በስሙ መጥራት ነው የሚጠበቀው።

አበው “ሳይቃጠል በቅጠል” ይላሉ። የእንፋሎት ጉድጓድ ከዚህ ተረት በላይ ጥብቅ ነው፤ ከተቃጠለ በኋላ በቅጠልም በገንዘብም የሚደረስበት ቦታ አይደለም። ለሲሚንቶው ጥያቄ የሚቀርብበት ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም ውሉ በጠረጴዛ ላይ ሳለ፣ ሪጉም ሳይተከል ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠይቅ፣ የሚጠይቀው ዐለቱን ነው።